ስሜ እስኪጠራ

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ዛሬ ከልምምድ በኋላ አሠልጣኛችን ማስተር አስቀሩኝ። የካቲት 7 እዚሁ ባሕር ዳር ትንሽ የወዳጅነት ውድድር አለ። ሦስት ክለብ፣ ጁጂትሱ ብቻ፤ መሬት ላይ ሆነው እየያዙና እያነቁ የሚታገሉት ትግል። «ትገባለህ?» አሉኝ። «እገባለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ሆዴ አልተስማማም።

ያለፈውን ዓመት ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሌላ ከተማ ሄጄ ተወዳደርኩ። የነጭ ቀበቶ ግጥሚያ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ አንዷን ደቂቃ አልሞላሁም። ስሜ ሲጠራ ሽንት ቤት ነበርኩ፤ ለአራተኛ ጊዜ። እየሮጥኩ ስመጣ ቀበቶዬ ተፈታ። ልቋጥረው ብል ጣቶቼ እንቢ አሉ። ዳኛው ትንሽ ጠበቁና ራሳቸው ቋጠሩልኝ፤ መጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሕፃን። ዳር የቆመው ሰው ሳቀ። ከዚያ የልጁን ኮሌታ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ክንዴ ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ የማስታውሰው ማቱን፣ የትግል ምንጣፉን፣ በመዳፌ ስመታ ነው። ታፕ ይባላል፤ በቃኝ፣ ልቀቀኝ ማለት ነው።

የሚያበሽቀኝ ደግሞ ሥራዬ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ብሎን ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው። አንድ ቀበቶ መቋጠር ያቃታቸው እነዚያው ጣቶች ናቸው።

ሱቅ ውስጥ አንድ ሕግ አለን፦ ብልሽቱ የት እንደሆነ ሳታውቅ ዕቃ አትቀይር። አምስት ሳምንት አለኝ። አዲስ ቴክኒክ አልጨምርም። ፍርሃቱን ፈትቼ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

የመጀመሪያ ሙከራ። ሐሳቡ የኔ ነው፦ ጫና ካስፈራኝ ጫናን ልልመደው። መሃል ገባሁ። በየደቂቃው ትኩስ ሰው ይቀየርብኛል፣ እኔ አልወጣም። አምስት ደቂቃ፣ አምስት ሰው። ሦስተኛው ባጃጅ ነጂያችን ነበር፤ 90 ኪሎ። ደረቴ ላይ ሲጋደም ከተማችን 1,800 ሜትር ላይ መሆኗን ሳንባዬ አስታወሰኝ።

ሲያልቅ ግድግዳ ተደግፌ ሊያስመልሰኝ ደረሰ። ግን አንድም ደቂቃ አልፈራሁም። ደከመኝ እንጂ አልፈራሁም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የዛሬው ሙከራ ከሸፈ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ልኬት ጀመርኩ። ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ 15 ሰከንድ መቁጠር፣ በ4 ማባዛት። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፦ 68። ክለብ ገብቼ ከመታገሌ በፊት፦ 84። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ያለፈውን ዓመት አሰብኩ። ድምፅ ማጉያውን፣ ስሜን፣ የሽንት ቤቱን በር። 104። ወንበር ላይ ተቀምጬ!

ነገሩ ምስጢር የለውም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይዞራል። ሆድ የሚገለባበጠው፣ አፍ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ከጅብ ለመሮጥ ግሩም ነው። ለመቋጠር አይሆንም።

የክንዱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ጡንቻ ያለ ፋታ ሲጨመደድ የገዛ ደም ሥሩን ይጫናል። ደም እንደ ልብ አይገባም፣ አይወጣም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ክንዱ ያብጣል፣ ጣት ይከዳል። የፈራ ሰው ደግሞ መልቀቅ አይወድም። ባለፈው ዓመት ያነቀኝ ልጁ ብቻ አልነበረም፤ የራሴን ክንድ እኔ ራሴ አንቄው ነበር።

ለዚህ ማስተር አንድ ጨዋታ አመጡ። እየታገልክ እያለ ባላጋራህ ይጠይቅሃል። «ምሳ ምን በላህ?» ሳትቋረጥ መመለስ አለብህ። «ሽሮ... በ... ቃሪያ» ካልክ ትንፋሽህን ይዘሃል፣ እጅህም ጨምድዷል ማለት ነው። መመለስ ስትጀምር ጣትህ ራሱ ይላላል። እስካሁን ከሞከርነው ሁሉ የሠራው ይሄ ነው። ችግሩ፣ ባጃጅ ነጂው ምሳውን ሲተርክ አያቆምም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ክብደት። ሰፈራችን ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ላይ ከነጊዬ፣ ከነትግል ልብሴ፣ ወጣሁ። 71 ኪሎ ከ600። ባለወፍጮው ቀና ብሎ «ይሄ የማን ጤፍ ነው?» አለ።

ጁጂትሱ የሚመዘነው ከነልብሱ ነው። የኔ ምድብ እስከ 70 ኪሎ፣ ከሱ በላይ ያለው እስከ 76። ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ልቀንስ እያልኩ ሳሰላ ማስተር ሰሙኝ። «አንድ ጭንቀት አልበቃህም? በ76 ግባ፣ ምሳህን ብላ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውድድሩ ደግሞ የቅበላ ሰሞን ነው የሚውለው። ሰው ሁሉ ሥጋ ቤት ተሰልፎ እኔ ልራብ?

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ልምምድ የለም። ትናንት ለከተራ ከሰፈር ልጆች ጋር ምንጣፍ አንጣፊ ነበርኩ። ታቦቱ ፊት መዘርጋት፣ ካህናቱ ሲያልፉ ከኋላ መጠቅለል፣ ተሸክሞ መሮጥ፣ እንደገና ከፊት መዘርጋት። ዛሬም እንደዚያው። ወገቤ የለም።

ማታ ተጋድሜ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከተማው በሙሉ እያየኝ ነበር የሠራሁት። ብስት ምንጣፉ ታቦት ፊት ይጣመማል፤ ከዚያ የባሰ ኃላፊነት የለም። አንድም ጊዜ ግን ጣቴ አልተንቀጠቀጠም። ለምን?

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ባለፈው ዓመት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደርሼ የተጠራሁት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አምስት ሰዓት ያህል እጄን አጣጥፌ፣ ልቤ እየመታ፣ የሌላውን ሰው ግጥሚያ እያየሁ። ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደዋለ ባጃጅ። ስጠራ ነዳጅ አልነበረኝም።

ምንጣፍ አንጣፊ መጠበቅ የለበትም። እጁ ሥራ ላይ ነው።

ለማስተር ነገርኳቸው። «መታገሉን አይደለም የምፈራው፤ መጠበቁን ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ክለብ ውስጥ እኮ ማንም አይጠብቅም። 12 ሰዓት ተኩል ትመጣለህ፣ ታሟሙቃለህ፣ ትታገላለህ። አምስቱን ደቂቃ ሺህ ጊዜ ተለማምጃለሁ። ከአምስቱ ደቂቃ በፊት ያለውን አንድ ቀን እንኳ አልተለማመድኩትም።

«እንግዲያው ቅዳሜ ትጠብቃለህ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጠበቅኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ጊ ለብሼ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መቼ እንደምጠራ አልተነገረኝም። ስልክ የለም። የሚያናግረኝ የለም። ሌላው ሁሉ ልምምዱን ቀጠለ። ጠሪዋ የክለባችን ልጅ፣ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪዋ ናት፤ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ድምፅ ማጉያ ይዛለች። ይህቺ ልጅ ክፉ ናት። የሌላ ሰው ስም ትጠራለች። የኔን ስም ግማሹን ትጠራና ትተወዋለች። አንዴ ጠርታኝ ስነሣ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አለች።

ሃያ ደቂቃ ላይ ሽንቴ መጣ። ሠላሳ ላይ እንደገና። በ47ኛው ደቂቃ እውነተኛው ጥሪ መጣ። የልብ ምት 116። ቀበቶዬ ላልቶ ነበር፤ ልቋጥር ብል... ያው።

7 ለ 0። ለጣለኝ ሁለት፣ ጋርዴን፣ ከታች ሆኜ በእግሬ የምከላከልበትን፣ ላለፈበት ሦስት፣ ጉልበቱን ሆዴ ላይ ላሳረፈበት ሁለት። ያሸነፈኝ በሌላ ቀን እኔ የምጫወትበት ልጅ ነው።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ብልሽቱ ተገኘ። በፈለግኩ ጊዜ ላስነሣው እችላለሁ፤ ማለት በጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የጥበቃ ልምዱን መሥራት ጀመርኩ። ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛው ጋቢ ነው። ከእናቴ ጋቢ ወሰድኩ። አዳራሽ እንደገባሁ ቀበቶ አልታጠቅም፤ ጋቢ ተከናንቤ ጥግ ላይ እጋደማለሁ። የሌላ ሰው ግጥሚያ አላይም። ሲያዩ መዋል ከሩቅ እየታገሉ መዋል ነው። ሰውነት እንዳይበርድም ያግዛል።

ሁለተኛው ፕላስተር ነው። ሁለት ግጥሚያ ሲቀረኝ ጋቢውን አውልቄ ጣቶቼን መጠቅለል እጀምራለሁ። ይሄን ታጋዮች የሚያደርጉት መገጣጠሚያ እንዳይወልቅ ነው። እኔ የፈለግኩት እጄ ሥራ እንዲያገኝ ነው። ቀጭን አድርጎ መቅደድ። ከመገጣጠሚያው በታች ሁለት ዙር፣ ከላይ ሁለት ዙር፣ በመሃል በኩል ማጣመር። ጠብቆ ጣት ሰማያዊ እንዳያደርግ፣ ላልቶ እንዳይወልቅ። አራት ጣት ስምንት ደቂቃ ወሰደብኝ። ልክ ስክሪን እንደምቀይር አንገቴን ደፍቼ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የት እንዳለሁ ረስቼ ነበር።

ሦስተኛው ቀበቶው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይታሰራል፤ ከፕላስተሩ በኋላ፣ ጣቶቼ ገና ሥራ ላይ እያሉ። ከዚያ አይነካም።

በመሃል መብራት ጠፋ። የቀረውን በሞባይል ባትሪ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ክለባችን አባይ ማዶ ነው። ሱቄ ከወዲህ። ስለዚህ ሁልጊዜ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ በእግሬ እሻገራለሁ። 380 ሜትር ነው። ዛሬ የትንፋሽ ሜዳ አደረግኩት። አራት እርምጃ በአፍንጫ ማስገባት፣ ሰባት እርምጃ ማስወጣት። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ነው፤ ረዘም አድርገህ ስታስወጣ ልብ ይዘገያል። መሃል ላይ ሰው ተሰብስቦ ወደ ታች ያያል። ጉማሬ ወጥቷል አሉ። እኔ አላየሁም፣ እርምጃ እየቆጠርኩ ነበር።

ስለ ቃሉም አስቤበታለሁ። ክለብ ውስጥ ለፈራ ሰው ሁሉም የሚለው «ተረጋጋ» ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የምትባል የሐርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ጥናት አለ። ሰዎች ሊዘፍኑ፣ ንግግር ሊያደርጉ ወይም ሒሳብ ሊሠሩ ሲሉ አንዳንዶቹ «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ተደረገ። ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ሠሩ። ፍርሃትና ጉጉት ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ይቀላል። ከፍርሃት ወደ መረጋጋት ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ «ጓጉቻለሁ» እላለሁ። ድልድዩ ላይ ጮክ ብዬ ስሞክረው አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

ባጃጅ ነጂው ይስቅብኛል። እሱ ጎጃሜ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ይፎክራል። ደረቱን ይመታል፣ ማቱን ይዞራል፣ ያቅራራል። ለሱ ይሠራል። ክብደቱን ይዞ ነው የሚገባው፣ ብዙ ማሰብ የለበትም። እኔ ብፎክር እታወራለሁ። የርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 አይጦች ላይ ያዩት ነገር ይሄንኑ ይመስለኛል። ትምህርቱ ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለው የኤሌክትሪክ ንዝረት አይጦቹን አፈጠናቸው፤ ትምህርቱ ሲከብድ ያው ንዝረት አደናገራቸው። ወኔ ለሁሉም ሥራ እኩል አይሰፈርም።

እሑድ፣ ጥር 24

የቀረኝ የሰው ዓይን ነበር። ክለብ ውስጥ የሚያየኝ የሚያውቀኝ ነው። ስለዚህ ስድስት ሆነን ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። ሣር ላይ ሸራ ዘረጋን። እሑድ ከሰዓት ስለሆነ ሰው ሞልቷል፤ ቤተሰብ፣ ፍቅረኛ፣ ፎቶ አንሺ፣ ቆሎ ሻጭ። እኔና የክለባችን ነርሷ ጀመርን። እሷ ከኛ ሁሉ የተሻለ ጋርድ አላት።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክብ ሠሩብን። መጀመሪያ ዝም። ከዚያ አንዱ ልጅ «ኧረ ተቃቅፈው ተኙ!» አለ። ሳቅ። ሌላው «ሰውዬው በሴት ተሸነፈ!» አለ። አልተሳሳተም፤ በእግሯ አንገቴን ይዛ ነበር። ታፕ አደረግኩ። ጭብጨባ ለሷ።

ቀጥሎ ከፖሊዋ ልጅ ወንድም ጋር ስገጥም አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ልጁ ጣለኝ፤ እኔ በጀርባዬ ሆኜ እግሬን ወገቡ ላይ ቆለፍኩ።

«አለቀ እኮ! ጀርባው መሬት ነካ!» አሉ አባት።

«በኛ ገና ነው አባባ» አላቸው ባጃጅ ነጂው።

«እንዴት ገና ነው? ወደቀ!»

በባህላችን ትግል እውነታቸውን ነው፤ ጀርባ መሬት ከነካ ነገሩ አበቃ። በጁጂትሱ ደግሞ አብዛኛው ሥራ የሚጀምረው እዚያ ነው። ባጃጅ ነጂው ይሄን ሊያስረዳቸው ሲሞክር እኔ ከታች ልጁን ገለበጥኩትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ነጥብ ለመገልበጡ፣ አራት ላዩ ላይ ለመቀመጡ። «ወድቆ የሚታገል ዛሬ አየሁ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሕዝቡ የሳቸውን አፍ ተከትሎ ጮኸ።

ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስድብ ያማል። ሁለተኛው ትንሽ ያማል። ከአምስተኛው በኋላ የሰው ድምፅ የሐይቁ ድምፅ ሆነ። ስንጨርስ የደንገል ታንኳ ወደ ዳር የሚስቡ ሰዎች ነበሩ፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም።

ሸራው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀዷል። ድንጋይ ነበረበት መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 27

የነነዌ ጾም ሦስቱም ቀን። ልምምድ በቀላሉ። በባዶ ሆድ መጠበቅ ከባድ እንደሆነ እንጂ አዲስ ነገር አልተማርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ሁለተኛው ጥበቃ። ያው አግዳሚ፣ ያቺው ክፉ ልጅ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ አስጠበቀችኝ። ጋቢ ውስጥ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፤ አላመንኩም። ፕላስተር። ቀበቶ። ሽንት ቤት አንድ ጊዜ። ስጠራ የልብ ምት 108። ብዙም አልወረደም። ጣቶቼ ግን የኔ ነበሩ።

ከዚያው ልጅ ጋር፣ 4 ለ 3 አሸነፍኩ። «ምሳ ምን በላህ?» አለኝ መሃል ላይ። «ፓስታ በእንጀራ» አልኩት፤ ሳልቋረጥ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አዲስ ችግር። ያለፈው ዓመት የማላውቀው ከተማ ነበር፤ ብሸነፍ ማን ያውቀኛል? ይሄኛው እቤቴ ነው። ደንበኞቼ ይመጣሉ። እህቴ ጓደኞቿን ሰብስባለች። እናቴን «ትመጫለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ልጄ ሲታነቅ ላይ ነው የምመጣው? እቤቴ ሆኜ እጸልይልሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ተመስገን፣ አንዱ ተቃለለ።

ለማስተር ስነግራቸው ወሬ ጀመሩ። እሳቸው ከጁጂትሱ በፊት የጁዶ ሰው ናቸው። ጁዶ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የገባው ቶኪዮ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈበት ነው። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ገብቶ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሠራ። ይሄ ጥቅምት 21 ነው በነሱ አቆጣጠር። በ23 ደግሞ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ የጁዶ ክፍት ምድብ ፍጻሜ ነበር። የጃፓኑ ካሚናጋ ከሆላንዱ ግዙፍ ከአንቶን ኺሲንክ ጋር። ጁዶን የፈጠረች አገር፣ የገዛ አዳራሿ፣ የገዛ ሕዝቧ። ኺሲንክ መሬት ላይ ያዘው። በዚያን ጊዜ ለማሸነፍ 30 ሰከንድ መያዝ ነበረበት። 30 ሰከንድ ሙሉ አገሩ እያየው ከታች መሆንን አስቡት። ሲያበቃ ሆላንዶቹ ደስታ ገንፍሎባቸው ወደ ማቱ ሊሮጡ ሲሉ ኺሲንክ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው።

ማስተር የነገሩኝ ስለ ኺሲንክ ጨዋነት ነበር። እኔ የማስበው ስለ ካሚናጋ ነው። ከመጠራቱ በፊት የት ተቀምጦ ነበር? እጁ ምን ይሠራ ነበር?

ዓርብ፣ የካቲት 6

ጋቢ፣ ፕላስተር፣ ውሃ፣ ሁለት ሙዝ። ቡና ከጠዋት አንድ ስኒ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ልቤን ያለ ሥራ ያስሮጠዋል። እንቅልፍ አልመጣም። ይሁን፣ ለመተኛት አልታገልም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ማታ ነው የምጽፈው።

3 ሰዓት ይጀመራል የተባለው 4 ሰዓት ከ40 ላይ ተጀመረ። ከዚያ መብራት ሄደ፣ የነጥብ ሰሌዳው ጠፋ። በሞባይል ሰዓትና በኖራ ቀጠሉ። ዳር ያሉት ሁሉ ሲነጫነጩ እኔ ጋቢዬ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ልጅ መጥቶ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ። እህቴም ከሩቅ አይታኝ ደንግጣ ነበር።

ሁለት ግጥሚያ ሲቀረኝ ፕላስተሩን አወጣሁ። የመጀመሪያው ጣት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ተጣበቀብኝና በጥርሴ ስልጥ ተበሳጨሁ፤ ንዴቱ ፍርሃቱን ቀደመው። አራተኛው ቀጥ አለ። ቀበቶ፣ አንድ ጊዜ። ስሜ ሲጠራ 7 ሰዓት ከ10 ነበር። ማቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ረጅም ትንፋሽ አወጣሁ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ይምታ።

ልጁ ረጅም ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ እጅጌ ተሻማን። በሦስተኛው ደቂቃ ጣልኩት ሳይሆን ራሱ ተቀመጠ። ጉልበቱን ወደ ጎን ገፋሁ፣ ትከሻዬን አገጩ ሥር አስገባሁ፣ አለፍኩት። ሦስት ነጥብ። መጨረሻ ላይ ገለበጠኝ፣ ሁለት አገኘ። ሰዓቱ አለቀ። 3 ለ 2። ግራ ክንዴን ስጨብጠው ለስላሳ ነው።

ሁለተኛውን ግጥሚያ ተሸነፍኩ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ላይ፣ በኮሌታዬ ታንቄ። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እናገራለሁ። ከላዩ ሆኜ ለማለፍ ስጣደፍ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። ቀኝ እጁ አስቀድሞ ኮሌታዬ ውስጥ እንዳለ አውቄያለሁ። አውቄ ናቅኩት። ግራ እጁ ሲገባ ድምፁን ሰማሁት፤ የጨርቁን ጭረት። ባለፈው ዓመት አንዲት ነገር አላስታውስም ነበር።

ጥፋቱ ግን ከዚያ በፊት ነው የተሠራው። ከመጀመሪያው ድል በኋላ ዘለልኩ፣ ሰው አቀፍኩ፣ እህቴ ጋር ፎቶ ተነሣሁ፣ ለባጃጅ ነጂው እያንዳንዷን ሰከንድ ተረክሁለት። ሃምሳ ደቂቃ። ጋቢው እጥፍ ብሎ ተቀምጧል። የአንዱ ጣት ፕላስተር ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ አላየሁትም። ስጠራ ሰውነቴ ቀዝቅዟል፣ ጭንቅላቴ ገና የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ነው። መጠበቅን የተለማመድኩት ለፈራ ሰው ነበር። ደስ ያለው ሰው እንዴት እንደሚጠብቅ አልተለማመድኩም።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ። አንገቴ ላይ የኮሌታው መስመር ቀይ ሆኖ ይታያል። እናቴ አየችው፣ አማተበች፣ ዝም ብላ አንድ የዶሮ እግር ጨመረችልኝ። ጋቢዋን ልመልስላት ስል «የኔ ሽታ የለውም አሁን፣ ላብ ላብ ይላል» አለች። አጥቤ እመልሳለሁ ብያለሁ።

ማስተር ደውለው ነበር። ቀጣዩ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል አሉ። ስለ ሁለተኛው ጥበቃ ነገርኳቸው። «አንዴ ካሸነፍክ በኋላ የፖሊዋ ልጅ ሌላ ሰዓት ታስቀምጥህ» አሉ። እሷ እንደምትወደው አልጠራጠርም።

ነገ ጾም ይገባል። ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ልምምድ። ሐይቅ ዳር የተቀደደው ሸራ ተሰፍቷል ተብሎ ነበር፣ አልተሰፋም፤ ትናንት ማታ ስንጭነው ቀዳዳው አንድ ክንድ ደርሷል። ጆንያ መስፊያ መርፌና ወፍራም ክር ልይዝ።